ጎማን ያጸናው ሰው፤ ቻርልስ ጉድየር

የኬሚካል ፋብሪካ የሚጎበኝ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በታላላቆቹ ጋኖች፣ በረጃጅሞቹ ቧንቧዎችና በሚያጓሩት ፓምፖች ላይ ነው። ይሁን እንጂ አንዱ ቧንቧ ከሌላው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ሁሉ በሁለቱ ብረቶች መካከል ተጨምቆ የሚኖር አንድ ትንሽ ቀለበት አለ። በጋራዥና በቧንቧ ሥራ የሚውሉ ሰዎች ጎሚኒ ይሉታል። ሥራውን በደንብ እየሠራ ሳለ ማንም አያስታውሰውም። የተበላሸ ዕለት ግን አሲዱ ይፈሳል፤ ሠራተኛው ይቃጠላል፤ ፋብሪካውም ይቆማል።

ከነዚህ ቀለበቶች መካከል ለብርቱ ኬሚካል የሚሠራው አንዱ ዓይነት ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን አጋብቶ የያዘ ነው። ልቡ ጎማ ነው፤ ልብሱ ደግሞ አሲድ የማይበላው የቴፍሎን ሽፋን ነው። ስለ ልብሱ በመጨረሻ እንናገራለን። ዛሬ በተለይ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብነው የልቡን ታሪክ ነው፤ ይኸውም ጎማ በሙቀት እንዳይቀልጥ፣ በብርድም እንዳይደርቅ ለማድረግ ሲል ሀብቱን፣ ጤናውንና የቤተ ሰቡን ኑሮ የከፈለው የአሜሪካዊው የቻርልስ ጉድየር ሕይወት ነው። ዘመኖቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቻርልስ ጉድየር ዲሴምበር 29 ቀን 1800 በኮነቲከት ግዛት በኒው ሄቭን ከተማ ተወለደ። አባቱ አማሳ ጉድየር የእርሻ መሣሪያና የብረታ ብረት ዕቃ የሚያሠራ፣ አዲስ ነገር መፍጠርም የሚወድ ሰው ነበር። ልጁ ገና በጎረምሳነቱ የብረታ ብረት ንግድ እንዲማር ወደ ፊላደልፊያ ሄደ፤ ተመልሶም ከአባቱ ጋር በሽርክና ሠራ። በ1824 ክላሪሳ ቢቸር የምትባል ወጣት አገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በፊላደልፊያ ሱቅ ከፈተ። በመጀመሪያ ንግዱ ቀንቶት ነበር። ነገር ግን በ1830 ገደማ ሱቁ ከስሮ ዕዳ ብቻ በእጁ ቀረ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሕግ ዕዳውን መክፈል ያልቻለ ሰው ይታሰር ነበርና ጉድየርም ከእስር ቤት ጋር ተዋወቀ። ይህ ትውውቅ እስከ እርጅናው ዘመን ድረስ አልተቋረጠም።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ አንድ አዲስ የንግድ ትኩሳት ተነሥቶ ነበር። ከብራዚል ጫካ ከዛፍ የሚቀዳው ነጭ ወተት ሲረጋ ውሃ የማያስገባ ሙጫ እንደሚሆን ታውቆ፣ ከዚሁ ሙጫ ጫማና ካፖርት የሚሠሩ ፋብሪካዎች በየቦታው ተቋቋሙ። ባለ ገንዘቦችም ያለ የሌለ ሀብታቸውን አፈሰሱበት። ዳሩ ግን የክረምቱ ብርድ ሲመጣ ጫማው እንደ እንጨት ደረቀ፤ የበጋው ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ካፖርቱ ቀልጦ የሚሸት ማጣበቂያ ሆነ። ደንበኞች የገዙትን ዕቃ እየመለሱ ገንዘባቸውን ጠየቁ። ፋብሪካዎቹም አንድ በአንድ መዘጋት ጀመሩ።

ጉድየር ከዚህ ነገር ጋር የተገናኘው በ1834 ነው። ወደ ኒው ዮርክ በሄደ ጊዜ የሮክስበሪ ጎማ ኩባንያ መደብር ገብቶ፣ ሰው በውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ በአየር የሚነፋ የጎማ ቀለበት አየ። የአየር መክደኛው አላማረውምና የተሻለ መክደኛ ሠርቶ ተመለሰ። የመደብሩ ኃላፊ ግን የችግሩ ሥር መክደኛው ሳይሆን ጎማው ራሱ መሆኑን፣ የኩባንያውም ዕቃ በሙቀት እየቀለጠ መሆኑን ገለጸለት። ጉድየር ኬሚስትሪ አልተማረም። ገንዘብም አልነበረውም። የሆነ ሆኖ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጎማን ከሙቀትና ከብርድ የሚያድነውን መድኃኒት የማገኘው እኔ ነኝ የሚል እምነት አደረበት።

ወደ ፊላደልፊያ ሲመለስ ስለ ዕዳው እንደገና ታሰረ። የመጀመሪያውን ምርምር የጀመረውም በዚያው እስር ቤት ነው። ባለቤቱ የሊጥ መዳመጫዋንና ጥቂት የጎማ ሙጫ ብታመጣለት፣ ሙጫውን እንደ ሊጥ እያሸና እየዳመጠ ቀኑን ያሳልፍ ጀመር። ሙጫው የሚያጣብቀው እርጥበት ስላለበት ይሆናል ብሎ ስላሰበ ደረቅ ዱቄት ሊቀላቅልበት ወሰነ። ከእስር ከተፈታ በኋላ ማግኔዝያ ቀላቀለበት፤ ጎማው ነጣ፣ አማረ። ነገር ግን በጋው ሲመጣ ቀለጠ። ከዚያ ቀጥሎ በኖራ አፈላው፤ ይህም ሥራ ሽልማት አስገኘለት። ዳሩ ግን አንዲት የኮምጣጤ ጠብታ ብትነካው የኖራው ኃይል ይጠፋና ጎማው እንደ ቀድሞው ይጣበቃል።

አንድ ቀን ደግሞ በጎማ ላይ የቀባውን የነሐስ ቀለም ለማጥፋት ናይትሪክ አሲድ አፈሰሰበት። አሲዱ የነካው የጎማ ገጽ ለስልሶና ደርቆ፣ ማጣበቁንም ትቶ ተገኘ። በዚህ አሠራር በ1837 ፓተንት፣ ማለትም የመንግሥት የፈጠራ መብት ተቀበለ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በአሜሪካ የደረሰው ታላቅ የገንዘብ ቀውስ የሥራ ባልደረባውን አከሰረው። ጉድየርም ቤተ ሰቡን ይዞ በስታተን ደሴት በተዘጋ የጎማ ፋብሪካ ውስጥ ተጠልሎ ኖረ። ለምግብ ሲል የቤት ዕቃውን በመያዣ ይሰጥ ነበር፤ የልጆቹን የትምህርት መጻሕፍት እንኳ እስከ መሸጥ እንደ ደረሰ ይነገራል።

ከዚያ በኋላ ወደ ማሳቹሴትስ ግዛት ተዛውሮ ሥራውን ቀጠለ። መንግሥትም 150 የፖስታ ከረጢቶች እንዲሠራለት አዘዘው። ጉድየር በአሲድ ዘዴው ከረጢቶቹን ሠርቶ ለሕዝብ እንዲታዩ ሰቀላቸውና ለጥቂት ሳምንታት ሄደ። ሲመለስ ከረጢቶቹ በራሳቸው ክብደት ተጎትተው፣ ቀልጠው ተበላሽተው አገኛቸው። አሲዱ የሠራው በጎማው ቆዳ ላይ ብቻ ነበር፤ ውስጡ ጥሬ እንደ ሆነ ቀርቷል። የላዩ መልካም ሆኖ መታየት የውስጡን ጤንነት እንደማያረጋግጥ ጉድየር የተማረው በዚህ ውርደት ነው። ይህን ነገር አንባቢያችን ልብ እንዲለው እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናልና።

በዎበርን ከተማ ናትናኤል ሄይዋርድ የሚባል ሰው ጎማን ከድኝ ጋር እየቀላቀለ በፀሐይ ያደርቅ ነበር። ጉድየር የዚህን ሰው መብት ገዛ። በ1839 ክረምት ድኝ የተቀላቀለበት ጎማ በእጁ ይዞ ሲያሳይ ቁራሹ በጋለ ምድጃ ላይ እንደ ወደቀ ይተረካል። ሌላው ጎማ እንደሚሆነው በመቅለጥ ፈንታ ቁራሹ እንደ ቆዳ ከረረ። ዳር ዳሩ በጣም ሲቃጠል፣ ከተቃጠለው አጠገብ ያለው ግን ለስላሳና ጽኑ ሆኖ ቀረ። በውጭ በብርድ ቢሰቅለውም እንደ ቀድሞው አልደረቀም። ሌላ ሰው ቢሆን የተቃጠለ ቁራሽ ነው ብሎ በጣለው ነበር። ጉድየር ግን አምስት ዓመት ሙሉ የፈለገው ነገር እሱ መሆኑን ወዲያው አወቀ።

ማወቁ ብቻ ግን አልበቃም። ምን ያህል ድኝ፣ ምን ያህል ሙቀት፣ ምን ያህልስ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ለመለየት ገና ብዙ ዓመታት ፈጀበት። ምድጃ ስላልነበረው በቤቱ ማእድ ቤትና በሰው ፋብሪካ እየለመነ ጎማውን ያበስል ነበር። ጎረቤቶቹ እንደ ዕብድ ቆጠሩት። ዘመዶቹም ማበደር ሰለቻቸው። በነዚህ የችግር ዘመናት ከልጆቹ አያሌዎቹ በሕፃንነታቸው ሞቱ። ጁን 15 ቀን 1844 ቁጥሩ 3,633 የሆነው ፓተንት ተሰጠው።

የዚህ ሥራ ምሥጢር ዛሬ በሚገባ ይታወቃል። የጎማ ሞለኪውሎች እንደ ረጃጅም ክር ናቸው። በጥሬው ጎማ ውስጥ እነዚህ ክሮች አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተቱ ሙቀት ሲያገኛቸው ይፈስሳሉ። ድኝና ሙቀት ሲጨመሩ ግን ድኙ በክሮቹ መካከል ድልድይ እየሆነ እዚህም እዚያም ያያይዛቸዋል። ስለዚህ ጎማው ቢለጠጥ ወይም ቢጨመቅ ወደ ቀድሞው ቅርጹ ይመለሳል። የማሸጊያ ቀለበት የሚሠራውም በዚሁ ጠባይ ነው። በሁለት ብረቶች መካከል የተጨመቀው ጎማ ወደ ቅርጹ ለመመለስ ሳያቋርጥ ስለሚገፋ፣ ፈሳሹ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ይዘጋል።

ጉድየር መብቱን ካገኘ በኋላም ዕረፍት አላገኘም። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃንኮክ ከአሜሪካ የመጣውን የጎማ ናሙና መርምሮ በ1843 በእንግሊዝ አገር ለፓተንት አመለከተ፤ መብቱም ለእሱ ሆነ። አሠራሩ ቨልካናይዜሽን የሚል ስም ያገኘውም በዚያው በእንግሊዝ ነው፤ ቃሉ የመጣው ቨልካን ከተባለው ከሮማውያን የእሳት አምላክ ስም ነው። በአሜሪካም ብዙዎች ያለ ፈቃድ ጎማ እየሠሩ ስለ ሸጡ በ1852 በትሬንተን ከተማ ታላቅ ክርክር ተደረገ። ለጉድየር ወገን የተከራከረው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ዳንኤል ዌብስተር ነው፤ ለድካሙም 15,000 ዶላር ተከፈለው። ጉድየር ረታ። ይሁን እንጂ የማምረት ፈቃዱን በርካሽ ስለሚሰጥና ያገኘውን ሁሉ በአዲስ ምርምርና በኤግዚቢሽን ስለሚጨርሰው ሀብት አላጠራቀመም።

በ1851 በለንደን፣ በ1855 ደግሞ በፓሪስ በተደረጉት የዓለም ኤግዚቢሽኖች ከጎማ የተሠሩ ዕቃዎችን በብዙ ወጪ አሳየ። የመከራ ጓደኛው ክላሪሳ በ1853 በእንግሊዝ አገር ሞተችበት። በፈረንሳይ የነበረው መብቱ ተሰርዞ ገቢው ስለ ቆመ፣ በ1855 ዲሴምበር በፓሪስ ክሊሺ በተባለው የባለ ዕዳዎች እስር ቤት ገባ። የፈረንሳይ መንግሥት የሸለመው የክብር ሌጊዮን ኒሻንም በዚያው በእስር ቤት ሳለ ደረሰው። ጁላይ 1 ቀን 1860፣ በሞት ጣር ላይ ያለች ልጁን ለማየት ሲጓዝ በኒው ዮርክ ሞተ። ልጁም ቀድማው ዐርፋ ነበር። የተወው ዕዳ 200,000 ዶላር ያህል ነው። በስሙ የሚጠራው ዝነኛው የጎማ ኩባንያ የተቋቋመው በ1898 በአክሮን ከተማ ሲሆን፣ ለመታሰቢያው ተሰየመ እንጂ የቤተ ሰቡ ንብረት አልነበረም።

አሁን ወደ ቀለበታችን እንመለስ። ጉድየር የጎማን ልብ አጸና፤ ቆዳው ግን ገና ደካማ ነበር። የተፈጥሮ ጎማ ቤንዚንና ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ ብርቱ ናይትሪክ አሲድ ደግሞ ይበላዋል። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሆነው ነገር የተገኘው ጉድየር ከሞተ ከ78 ዓመታት በኋላ ነው። ኤፕሪል 6 ቀን 1938 ሮይ ፕለንኬት የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በዱፖንት ኩባንያ ላቦራቶሪ ሲሠራ፣ ጋዝ የሞላበት ሲሊንደር ጋዙን መስጠት አቆመ። ክብደቱ ግን አልቀነሰም ነበር። ሲሊንደሩ ቢሰነጠቅ በውስጡ ነጭ ዱቄት ተገኘ። ይህ ዱቄት በኋላ ቴፍሎን ተባለ። የሚያውቁት አሲዶችና ማሟሚያዎች ሁሉ ማለት ይቻላል አይነኩትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአቶሚክ ቦምብ ሥራ የሚያስፈልገውን እጅግ በላተኛ የዩራኒየም ጋዝ ለማሸግ ያገለገለውም እሱ ነው።

ቴፍሎንም ቢሆን የራሱ ጉድለት አለው። ተጨምቆ ሲቆይ ቀስ እያለ ይሸሻል፤ እንደ ጎማ ወደ ቅርጹ አይመለስም። ስለዚህ መሐንዲሶች ሁለቱን አጋቡ። የቴፍሎን ዘመድ ከሆነና ሙቀት ሲያገኝ ቀልጦ ቅርጽ ከሚይዝ ፕላስቲክ ስፌት የሌለው ስስ ቱቦ ሠርተው፣ በውስጡ ሲሊኮን ወይም ቫይተን የተባለውን ሰው ሠራሽ ጎማ አስገቡበት። በእነዚህ ጎማዎች ክሮቹን የሚያያይዘው ድኝ ሳይሆን ሌላ ኬሚካል ነው፤ ሐሳቡ ግን የጉድየር ሐሳብ ነው። ልቡ ይገፋል፤ ልብሱ ይከላከላል። እንዲህ ያለው ቀለበት እስከ 200 ዲግሪ ሙቀትና ከዚያም በላይ የሚችል ሲሆን በኬሚካል፣ በመድኃኒትና በምግብ ፋብሪካዎች ይሠራበታል። ነገር ግን ልብሱ ስስ ስለ ሆነ በስለት ከተጫረ ወይም ከመጠን በላይ ከተለጠጠ አሲዱ በተጫረበት በኩል ገብቶ ልቡን ይበላዋል። ፈጥኖ ለሚሽከረከር ዘንግም አይመከርም።

ልቡ ሲደክምስ ምን ይሆናል ለሚል ሰው፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 የደረሰውን አደጋ እናስታውሰዋለን። ቻለንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሴኮንድ ተበታትና 7 ሰዎች አለቁ። በሮኬቱ መጋጠሚያ ላይ የነበረው የጎማ ቀለበት በዚያ ብርዳማ ጧት ደርቆ በቶሎ ወደ ቅርጹ መመለስ አቅቶት ነበር። ጉድየር ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ይኸው የብርድ ጠላት ነበር።

ተማሪዎቻችንና በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች ከዚህ ሕይወት የምትወስዱት ትምህርት ቀላል አይደለም። የጉድየርን ጽናት እናደንቃለን፤ ጽናቱ በቤተ ሰቡ ላይ ያመጣውን ረኃብና ኀዘን ግን አንሸሽግም። የእሱን ዋጋ የከፈሉት ሚስቱና ልጆቹ ጭምር ናቸው። ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየን ግን የፖስታ ከረጢቶቹ ነገር ነው። ላዩ የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ ግን ጥሬ የሆነ ሥራ የሚታወቀው ሙቀት ሲመጣ ነው። ጉድየር ከረጢቶቹ መቅለጣቸውን ባየ ጊዜ ጥፋቱን በበጋው ላይ አላላከከም፤ የውስጡን ጥሬነት አምኖ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ዛሬ በፋብሪካው ቧንቧ ውስጥ ማንም ሳያየው አሲዱን የሚያግደው ትንሽ ቀለበት የዚያ ትሕትና ፍሬ ነው።