ከሦስት ዓመት ውል በኋላ ያልተመለሱት ሐኪም

በዛሬው የግድግዳ ጋዜጣችን ከሩቅ አገር መጥተው እዚሁ ስለቀሩ አንድ ሐኪም እንጽፋለን። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1908 ኒውዚላንድ፣ ኔፒየር ከተማ ተወለዱ። ሲድኒ ውስጥ በማዋለጃ ሆስፒታል ሲሠሩ ዶክተር ካትሪን ኒኮልሰንን አግኝተው በ1950 ተጋቡ። በ1959 የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ሁለቱም ወደ አዲስ አበባ፣ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። ውሉ የሦስት ዓመት ብቻ ነበር። ታዲያ ምን አስቀራቸው?

እኛ የሰሜን ሸዋ ልጆች መልሱን እናውቀዋለን። ምጥ የያዛት ሴት ከጀማ ሸለቆ ወይም ከግሼ ገደላገደል በቃሬዛ ዳገቱን ስትወጣ ውሎ ማደር አለ። ምጡ ሦስት አራት ቀን ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት የሽንት ፊኛዋን ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል፤ ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ይበሳል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ከዚያ በኋላ ሽንቷ ሌት ተቀን ይፈሳል። በመንዝ ብርድ ልብስ ሳይደርቅ ማደር ምን እንደሆነ መቼም ለእናንተ አይነገርም። ፌስቱላ የሚባለው ይኸው ነው። ከመካከላችን እንዲህ ያለች ዘመድ የነበረችው አለ፤ እርግማን ነው ተብሎ ጓዳ ስትኖር ሕክምና እንዳለው የነገራት ሰው አልነበረም።

ባልና ሚስቱ ይህን በሽታ ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም ነበር። የካይሮውን ሐኪም የናጊብ ማህፉዝን ጽሑፎች እያነበቡ ቀዶ ሕክምናውን ተማሩ። (ደራሲው ናጊብ ማህፉዝ የተሰየመው በእኚሁ ሐኪም ስም ነው።)

ቀዳዳውን መስፋት ብቻ የማይበቃቸው ሴቶችም ነበሩ፤ የሽንት መውጫ ቧንቧቸው ጨርሶ የጠፋባቸው ማለታችን ነው። ለእነዚህ ከቀረው ሥጋ አዲስ ቧንቧ ይሠሩላቸዋል። ከዚያ ከውስጥ ጭን አንድ ቀጭን ረጅም ጡንቻ ከነደም ሥሩ በቆዳ ሥር አሳልፈው ቧንቧውን ይደግፉበታል። ሌሎች ጡንቻዎች ስላሉ ሴትየዋ መራመድ አያቅታትም። ይህን ሥራ በ1969 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙት።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሆላንድ፣ ማስትሪኽት ያሉ ሐኪሞች ይህንኑ ጡንቻ በሽንት ቧንቧ ዙሪያ ጠመጠሙት፤ ሰውነት ውስጥ በተቀበረ ባትሪ እያነቃቁም እንዲኮማተር አደረጉት። ጡንቻው ለብቻው ቶሎ ይደክማል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ቀስ በቀስ ያለማምደዋል። የሐምሊን ጡንቻ ባትሪ አልነበረውም፤ ደምና ድጋፍ ነው የሚሰጠው።

ባልና ሚስቱ በ1974 ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ፤ ሕክምናውም በነፃ ሆነ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993 ዐረፉ። ዶክተር ካትሪን ሥራውን ቀጥለው በ2020 በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። ባልና ሚስቱ መጀመሪያ የመጡበት የአዋላጆች ጉዳይም አልተረሳም፤ የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ በ2007 ተከፍቷል።