ኡሉግ ቤግ፦ ከዋክብትን የቆጠረው የሰመርቀንድ ሱልጣን

በ2025 የመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ዜና በየስልካችን ሲዘዋወር ሰንብቷል። 2024 ዋይአር4 የሚል ስያሜ የተሰጠው፣ ስፋቱ ከ40 እስከ 90 ሜትር የተገመተ አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር የጠፈር አለት) ዲሴምበር 22 ቀን 2032 ምድርን ሊመታ ይችላል የሚል ዜና ነበር። አለቱ የታየው በ2024 ዲሴምበር መጨረሻ ቺሌ ውስጥ ባለ ቴሌስኮፕ ነው። የመምታት ዕድሉ በፌብሩዋሪ አጋማሽ 3.1 በመቶ ደረሰ። ነገሩን ከቂያማ ጋር ለማያያዝ የቸኮሉም አልጠፉም። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ግን ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ ከዜሮ ጋር የሚቆጠር ሆነ፤ ወሬውም በዚያው ቀዘቀዘ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩ ለምን ወጥቶ ወረደ? አለቱ መንገዱን ቀይሮ አይደለም። የምልከታ ማዕከላት አንዱን የሰማይ ክፍል በአንድ ሌሊት ደጋግመው ፎቶ ያነሳሉ። ከዋክብቱ ባሉበት ሲቆሙ አንዲት ነጥብ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ከተገኘች እሷ አስትሮይድ ልትሆን ትችላለች። የት እንዳለች የሚለካው በዙሪያዋ ካሉት ከዋክብት አንጻር ነው። የጥቂት ሌሊት ልኬት ብዙ ዓይነት መንገድ ያስገምታል፤ ከግምቶቹ አንዳንዶቹ በምድር ላይ ያልፋሉ። ልኬቱ በየሌሊቱ ሲጨመር ግምቱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ትክክለኛው መንገድም ይለያል። እንግዲህ የሚንቀሳቀሰውን ለመያዝ አስቀድሞ የቆመውን ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል። የከዋክብት መዝገብ የሚባለው ሥራ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ይህን መዝገብ ካቆዩልን ሰዎች አንዱ ሙስሊም ሱልጣን ነበር፤ ዛሬ የምናወሳውም የእርሱን ሕይወት ነው።

ሙሐመድ ጠረጋይ ይባላል። ማርች 22 ቀን 1394 በፋርስ ምድር፣ ሱልጣኒያ በተባለች ከተማ፣ አያቱ በዘመቻ ላይ ሳሉ ተወለደ። አያቱ ዓለም ታመርላን እያለ የሚያውቀው ተይሙር ነው። አባቱ ሻህ ሩኽ ይባላል፤ እናቱ ጎሐር ሻድ በመሽሐድ ባሠራችው መስጊድ ስሟ እስከ ዛሬ ይጠራል። ልጁን ሁሉም ኡሉግ ቤግ አሉት፤ በቱርክኛ ታላቁ መስፍን ማለት ነው። መጠሪያው ከስሙ በልጦ ቀረ።

ልጅነቱ ከድንኳን ድንኳን ያለፈ ነው። ተይሙር ቻይናን ለመውረር እንደተነሳ በ1405 ሲሞት ኡሉግ ቤግ አሥራ አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከወራሾቹ ሽኩቻ በኋላ ሻህ ሩኽ አሸነፈ፤ መናገሻውን ግን ወደ ሄራት አዛወረ። በ1409 ሰመርቀንድን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ሰጠው። አያቱ በሰይፍ የሰበሰባት ከተማ በአንድ ጎረምሳ እጅ ወደቀች ማለት ነው።

ይህ ጎረምሳ ግን ፍቅሩ ሒሳብ ነበር። ከ1417 እስከ 1420 በሰመርቀንድ መሐል ትልቅ መድረሳ አሠራ። ዛሬም ሬጊስታን በሚባለው አደባባይ ላይ ቆሞ ይታያል። ከአናቶሊያዋ ቡርሳ የመጣው ቃዲ ዛዳ አር-ሩሚ በዚያ አስተማረ። ከካሻን ደግሞ ጀምሺድ አል-ካሺ መጣ፤ በዘመኑ በስሌት የሚስተካከለው አልነበረም። አል-ካሺ ለአባቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ስለ ሱልጣኑ በቅርብ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከእነርሱ የተገኘ ነው። ኡሉግ ቤግ አብዛኛውን ቁርኣን በቃሉ እንደያዘ፣ በየቀኑ በሃፊዞች ፊት እንደሚቀራ፣ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የፀሐይን ቦታ በአእምሮው እንደሚያሰላ አል-ካሺ ለአባቱ ይነግራል።

ከደብዳቤዎቹ አንድ ነገር በተለይ ይገርመናል። ሱልጣኑ በውይይት መሐል ሰዎች እርሱን አክብረው ብቻ ሐሳቡን እንዲቀበሉ አይፈልግም ነበር። አንዳንዴ ሆን ብሎ የተሳሳተ ነገር ያቀርባል፤ ማን በይሉኝታ እንደሚስማማ ለማየት። ክፍል ውስጥ ገብቶ ያስተማረ ሰው ይህች ዘዴ ምን ያህል ጠቃሚ፣ ምን ያህልም አስቸጋሪ እንደሆነች ያውቃል። አስተማሪው ንጉሥ ሲሆን ደግሞ ተማሪው ድፍረቱን ከየት ያምጣው!

በ1420ዎቹ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለ ኮረብታ ላይ የምልከታ ማዕከሉ ተሠራ። ቴሌስኮፕ ገና ሁለት መቶ ዓመት ይቀረዋል። ያኔ ልኬትን የሚያጠራው የመሣሪያው ግዝፈት ነበር። ሕንፃው ክብና ባለ ሦስት ፎቅ ሲሆን ቁመቱ ከ30 ሜትር በላይ እንደነበር ይገመታል። በውስጡ ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ሬዲየስ ያለው፣ በእብነ በረድ የተለበጠ ግዙፍ ቅስት ነበር። የታችኛው ክፍል ከኮረብታው አለት ተፈልፍሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ከላይ ባለች ቀዳዳ የገባው የቀትር ፀሐይ ብርሃን ቅስቱ ላይ ሲያርፍ ከፍታው በዲግሪ ይነበባል። በዚህ መሣሪያ ላይ አንድ ዲግሪ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይይዛል። በመድረሳ ጠረጴዛ ላይ በምትቀመጥ ትንሽ አስጦርላብ አንድ ዲግሪ ለዓይን የምታስቸግር ጭረት ናት። እዚህ ግን የዲግሪ ስድሳኛ እንኳ ከሴንቲ ሜትር ይበልጣል።

በዚህ ምልከታ የዓመቱን ርዝመት 365 ቀን ከ6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ብለው አገኙት። ፀሐይ ከከዋክብት አንጻር ወደ ነበረችበት እስክትመለስ ያለው ጊዜ ነው። ዛሬ ከሚታወቀው የሚለየው በ58 ሰከንድ ብቻ ነው፤ በዓመት ውስጥ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ችግሩ ይህ ዓይነት ሥራ ዕድሜ መፈለጉ ነው። ዙሐል (ሳተርን) አንድ ዙሯን ለመጨረስ 30 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። ከእርሱ በፊት በ1259 የመራጋን የምልከታ ማዕከል የመሠረተው ነሲሩዲን አጥ-ጡሲም ለሥራው 30 ዓመት ያስፈልገኛል ብሎ ነበር፤ ሞንጎሉ ሁላጉ ግን በ12 ዓመት ጨርስ አለው። በሰመርቀንድ አሠሪውም ሠራተኛውም ሱልጣኑ ራሱ ስለነበር የሚያጣድፍ አልነበረም። ሞት ግን አልጠበቀም። አል-ካሺ በ1429 ሞተ። ቃዲ ዛዳም ሥራው ሳያልቅ አለፈ። የቀረው ወጣቱ ዐሊይ አል-ቁሽጂ ነው። የሱልጣኑን የአደን ወፎች ከሚጠብቅ ቤት የወጣ በመሆኑ ይህን መጠሪያ አገኘ ይባላል።

ሥራው ዚጅ-ኢ ሱልጣኒ በሚል መጽሐፍ ተጠቃለለ። የዘመን አቆጣጠርን፣ የሒሳብ ሰንጠረዦችን፣ የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ ይዟል። ልቡ ግን የ1018 ከዋክብት መዝገብ ነው። ከእርሱ በፊት ሙስሊሞች የሚጠቀሙት የግሪኩን የቶሎሚን መዝገብ ነበር። ታላቁ ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ በ964 ገደማ አርሞታል። ሆኖም የከዋክብቱን ቦታ በአብዛኛው ከቶሎሚ ወስዶ ለዘመኑ የሚሆነውን ልዩነት ደምሮበት ነበር። የቆሙ የምንላቸው ከዋክብት አቀማመጣቸው ከእኛ አንጻር በ72 ዓመት አንድ ዲግሪ ያህል ይሸሻል። ስለዚህ አሮጌ መዝገብ እየዋለ እያደረ ይዋሻል። ኡሉግ ቤግ በሰማዩ የሚያየው ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ቢለው ከዋክብቱን እንደገና ለመለካት ተነሳ። ለሰመርቀንድ እጅግ ወደ ደቡብ ርቀው የማይታዩትን 27 ከዋክብት ብቻ ከአስ-ሱፊ ወሰደ፤ ከእርሱ መውሰዱንም ጻፈ። መዝገቡ እንከን የለሽ አይደለም። ግን ከቶሎሚ ወዲህ፣ የዴንማርኩ ቲኮ ብራሄ እስኪመጣ ድረስ፣ ሰማይን በአዲስ ዓይን ለክቶ የዚህን ያህል የመዘገበ የለም።

በመቅድሙ ላይ ሱልጣኑ የሁለቱን ሟች መምህራን ድርሻ በስማቸው ጠቅሶ ያመሰግናል። ዐሊይ አል-ቁሽጂን ደግሞ እንደ ውድ ልጁ አድርጎ ይጠራዋል። ይህችን ቃል አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን።

በአማርኛችን ኮከብ ቆጠራ ስንል ጥንቆላ ነው የሚመጣልን። ኡሉግ ቤግ የቆጠረው ግን ከዋክብቱን ራሳቸውን ነው፤ አንድ፣ ሁለት እያለ እስከ 1018። ዑለሞች ዒልሙል ፈለክ የሚሉት ቂብላና የሰላት ወቅት የሚታወቅበት ዕውቀት ሌላ ነው፤ ከከዋክብት ዕጣ ፈንታን አነባለሁ ማለት ሌላ። እውነቱን ለመናገር በዚጁ መጨረሻ ላይ የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ክፍልም አለበት፤ የዘመኑ ቤተ መንግሥት ይፈልገው ነበርና። ልጁ እንደሚገድለው በከዋክብት አውቆ ነበር የሚለውን ተረት ግን የምንቀበልበት ምክንያት አላገኘንም።

በመንግሥት ጉዳይ ዕድለኛ አልነበረም፤ ብልህም ነበር ማለት ያስቸግራል። በ1427 በሲር ዳርያ በኩል የመጣበትን የባራቅን ጦር ሊገጥም ወጥቶ ክፉኛ ተሸነፈ። አባቱም ተቆጣው፤ ሥልጣኑ ሊወሰድበት ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1447 ሻህ ሩኽ ሲሞት የመንግሥቱ ወራሽ እርሱ ሆነ፤ ሁለቱን ዓመታትም ሄራትን በመያዝና በማጣት ፈጀ። ከልጆቹ ታናሹን ዐብዱል ዐዚዝን ማቅረቡ ትልቁን ዐብዱል ለጢፍን አስከፋ። ለልጁ የሚገባውን ነፈገ ብለው የሚወቅሱት ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ ወቀሳው መሠረት ያለው ይመስለናል። የከዋክብትን ቦታ በጥንቃቄ የለካ ሰው በሁለት ልጆቹ መካከል ሚዛኑን ሳተ።

በ1449 መጸው አባትና ልጅ በሰመርቀንድ አጠገብ ተዋጉ። አባት ተሸነፈ፤ ከተማዋም በሯን ዘጋችበት። እጁን ሰጠ። ሐጅ ለማድረግ ወደ መካ ልሂድ ብሎ ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። በስተጀርባ ግን በእርሱ ትእዛዝ አባቴ ተገድሏል የሚል አንድ ሰው የደም ካሣ እንዲጠይቅ ተደርጎ የሞት ፈትዋ ተዘጋጅቶ ነበር። ሐጅ ነይቶ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 1449፣ አንገቱ ተቀላ። ዕድሜው 55 ነበር። ታናሹ ዐብዱል ዐዚዝም ተገደለ። ዐብዱል ለጢፍ ራሱ ስድስት ወር ገዝቶ በ1450 በሰዎቹ እጅ ሞተ። በኋላ የኡሉግ ቤግ አስከሬን ወደ ተይሙር መቃብር ተወስዶ በአያቱ ግርጌ ዐረፈ። አላህ ይዘንለት።

የምልከታ ማዕከሉ ፈረሰ፤ ድንጋዩም ለሌላ ግንባታ ተወሰደ። መጽሐፉ ግን ከሰመርቀንድ ወጣ። በመቅድሙ ልጄ የተባለው ዐሊይ አል-ቁሽጂ ወደ ተብሪዝ ሄደ፤ ከዚያም ቁስጥንጥንያን የከፈተው ሱልጣን ሙሐመድ ፋቲሕ ጠርቶት ኢስታንቡል ገባ። በአያሶፍያ መድረሳ አስተማረ፤ በ1474 በዚያው ሞተ። ከመቶ ዓመት በኋላ ተቂዩዲን የተባለ ሊቅ የኡሉግ ቤግ ሰንጠረዦች በዘመን ብዛት መታረም አለባቸው ብሎ በኢስታንቡል አዲስ የምልከታ ማዕከል አሠራ። የ1577ቱን ጅራታም ኮከብ ተከታተለ፤ በ1580 ማዕከሉ በሱልጣኑ ትእዛዝ ፈረሰበት። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን። የኡሉግ ቤግ የከዋክብት መዝገብ ግን በ1665 በእንግሊዟ ኦክስፎርድ ታተመ።

አስትሮይድ የተገኘው በዚሁ የመመዝገብ ሥራ መሐል ነው። ጣሊያናዊው ቄስ ጁሴፔ ፒያዚ በሲሲሊዋ ፓሌርሞ የከዋክብት መዝገብ ሲያዘጋጅ እያንዳንዱን ኮከብ በተለያዩ ሌሊቶች ደጋግሞ የመለካት ልማድ ነበረው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 የመዘገባት አንዲት ደብዛዛ ነጥብ በማግስቱ ካስቀመጣት ቦታ አልተገኘችም፤ ፈቀቅ ብላ ነበር። እስከ ፌብሩዋሪ 11 ድረስ 24 ጊዜ ለካት፤ ከዚያ በፀሐይ ብርሃን ተሸፈነች። የ24 ዓመቱ ጀርመናዊ ጋውስ ከእነዚያ ጥቂት ልኬቶች መንገዷን አስልቶ የት እንደምትወጣ ተናገረ፤ በዓመቱ መጨረሻ እዚያው አካባቢ ተገኘች። ሴሬስ አሏት። ወደ ምድር ምሕዋር የሚጠጋ የመጀመሪያው አስትሮይድ፣ ኤሮስ፣ የታየው በ1898 ነው። ዛሬ ጋያ በተባለች የአውሮፓ መንኮራኩር የተዘጋጀው መዝገብ ወደ 1.8 ቢሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን ይዟል፤ የአስትሮይዶችን ቦታ የሚለኩት ማዕከላትም በእርሱ ይጠቀማሉ። ከ1018 ወደ 1.8 ቢሊዮን ነው ጉዞው።

ኮረብታው ላይ የነበረውን ግን ለረጅም ዘመን ማንም አያስታውሰውም ነበር። በ1908 ቫሲሊ ቪያትኪን የተባለ ሩሲያዊ አርኪኦሎጂስት የቦታውን ድንበር የሚጠቅስ አንድ የቆየ የወቅፍ ሰነድ አገኘ፤ በዚያ ተመርቶ ቆፈረ። ለአላህ ተብሎ የተሰጠ መሬት ወረቀት ነው ቦታውን ያስገኘው። ከላይ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ነበር፤ ከአለቱ የተፈለፈለው የቅስቱ የታችኛው ክፍል ግን ከነዲግሪ ምልክቱ ተገኘ። በ1941 የሶቭየት ተመራማሪዎች መቃብሩን ከፍተው አጽሙን ሲያዩ ራሱ ከአንገቱ ተለይቶ ነበር።

በ1977 በክራይሚያ የምልከታ ማዕከል የተገኘ አንድ አስትሮይድ በስሙ ተሰይሟል፤ ቁጥሩ 2439 ነው። ወደ ምድር ከሚጠጉት ወገን አይደለም፤ በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን ይዞራል።