ንጉንዴንግ ቦንግ፤ ያለ ዘውድና ያለ ጦር ሕዝብን የመራ ሰው

በትምህርት ቤት ስለ ታላላቅ መሪዎች ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረን ዘውድ ስለ ደፉ ወይም ሠራዊት ስለ አዘመቱ ሰዎች ነው። ነገር ግን ንጉሥም ዘብም ወኅኒ ቤትም በሌለበት አገር አንድ ሰው ሕዝብን ከለመደው አኗኗር ወደ ሌላ ሊመራ የሚችለው እንዴት ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ሕይወት ከጋምቤላ ብዙ ሳንርቅ እናገኛለን። የባሮ ወንዝ በከተማችን በኩል አልፎ ወደ ምዕራብ ከወረደ በኋላ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይባላል። ከሶባት በስተ ደቡብ፣ ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሆነው ምድር፣ ሎው የተባሉት ኑዌሮች ይኖራሉ። ነቢዩ ንጉንዴንግ ቦንግ የገነነውም የሞተውም በእነርሱ ዘንድ ነው። ስሙ ግን በድንበር አልተወሰነም፤ በእኛም በኩል ያሉ ኑዌሮች ሁሉ ያውቁታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አንባቢ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጎረቤቶቻቸው አኙዋኮች የመንደር አለቆችና መሳፍንት ሲኖሯቸው፣ ኑዌሮች ግን በዚያ ዘመን ማንም በማንም ላይ የማያዝባቸው ሕዝብ ነበሩ። ሰው በተገደለ ጊዜ ገዳዩ ሸሽቶ የሚጠጋው ኩዋር ሙዎን ወደሚባለው፣ የነብር ቆዳ ወደሚለብሰው አስታራቂ ነው። እርሱም የሁለቱን ወገን ዘመዶች አነጋግሮ የደም ካሣው በከብት እንዲከፈል ያደርጋል። ሆኖም የማስገደድ ሥልጣን የለውም፤ ያለው ልመናና እርግማን ብቻ ነው።

ንጉንዴንግ የተወለደው ከእንደዚህ ያሉ አስታራቂዎች ወገን ነው። እናቱ ብዙ ዘመን መካን ሆና ኖራ በእርጅናዋ እንደ ወለደችው ይነገራል። እርሱም እንደ አባቱ አስታራቂ ሆነ። ጕልማሳ ከሆነ በኋላ ግን ጠባዩ ተለወጠ፤ ከሰው ተለይቶ በዱር ይንከራተት፣ ምግብም ይተው ጀመር። መንደርተኛውም አበደ አለ። ኋላ ግን ዴንግ የተባለው የሰማይ መንፈስ እንዳደረበት ታመነለት። ይህ ዴንግ ከዲንቃዎች ወደ ኑዌሮች የመጣ ነው መባሉን ልብ ማለት ይገባል፤ ነቢዩ የተነሣው ወገኖቹ ከብታቸውን ሲዘርፏቸው ከኖሩት ሰዎች በተገኘ መንፈስ ስም ነውና።

በ1878 ገደማ ፓዲንግ በተባለ ስፍራ ሎዎች ከዲንቃዎችና ከአጋሮቻቸው ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ። ድሉም በንጉንዴንግ ጸሎትና መሥዋዕት የተገኘ ነው ስለ ተባለ ዝናው በየአገሩ ተሰማ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ዝና ይዞ ለሁለተኛ ዘመቻ በተነሣ ነበር። እርሱ ግን ወጣቶቹ ዲንቃዎችን እንዳይዘርፉ ከለከለ፤ እርስ በርሳቸው የተጣሉትንም እየጠራ ያስታርቅ ጀመር። ወደ እርሱ ከሚመጡት መካከል መካን ሴቶች ነበሩ፤ በሽተኞች ነበሩ፤ ዲንቃዎችም ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የከብት በሽታና ፈንጣጣ ተከታትለው ገቡ። ከብት ለኑዌር ወተትም ጥሎሽም የደም ካሣም ስለ ሆነ፣ ከብት ሲያልቅ ጋብቻም ዕርቅም ይቆማል። ንጉንዴንግ በዚህ ጊዜ ሕዝቡን ጠርቶ ዌይዴንግ በተባለ መንደር ትልቅ ጉብታ አሠራ። ሰዎች በሩቅ ካሉ ሰፈሮች ሳይቀር እየመጡ ከከብት በረት ዐመድና አፈር ተሸክመው ይቆልሉ ነበር። ጉብታው ሲያልቅ ቁመቱ ከ15 ሜትር በላይ ሆነ፤ ዙሪያውንም የዝሆን ጥርስ ተተከለበት። ነቢዩ በሽታውን ሁሉ በውስጡ ቀበረው ተባለ። እኔ ግን የምደነቀው በሌላ ነገር ነው፤ ትእዛዝ ተቀብሎ የማያውቅ ሕዝብ፣ ጎሣውም ከጎሣ ጋር የሚዋጋ፣ ዓመታት ሙሉ አንድ ሥራ አብሮ ሠራ። ደመወዝ አልተከፈለውም፤ ጅራፍም የያዘ አሠሪ አልቆመበትም።

በ1902 ዓፄ ምኒልክና እንግሊዞች ስለ ድንበርና ስለ ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተዋዋሉ። በዚያው ዓመት የሱዳን መንግሥት ጦር ወደ ንጉንዴንግ መንደር ዘመተ። ንጉንዴንግም ዞር አለ እንጂ አልተዋጋም። ወታደሮቹ መንደሩን አቃጠሉ፤ የጉብታውንም የዝሆን ጥርስ ወሰዱ። ይህን አንዳንዶች ፍርሃት ይሉት ይሆናል። ጠመንጃ በያዘ ጦር ላይ በጦርና በዱላ ወጣቶችን አሰልፎ ማስፈጀት ጀግንነት ነው የሚል ካለ ግን፣ ከእርሱ ጋር አልስማማም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1906፣ ንጉንዴንግ ሞተ።

ክልከላው ከእርሱ ጋር እንዳልተቀበረ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። የነቢይነቱን ስፍራ የወሰደው ልጁ ጉዌክ ከመንግሥት ጋር ተጣላ። እንግሊዞች አውሮፕላን ላኩ፤ በ1928ም ጉብታውን በፈንጂ ሊያፈርሱት ሞከሩ። በ1929 ጉዌክ እዚያው ጉብታው አጠገብ ተገደለ። በጊዜው የነበሩት ሹማምንት አባቱንም ልጁንም የሁከት ሰዎች አድርገው ቈጠሯቸው። ዳግላስ ጆንሰን የተባለ የታሪክ ሊቅ የሽማግሌዎችን ቃል ሰብስቦ በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ ግን ንጉንዴንግ የሰላም ሰው እንደ ነበረ አስረድቷል።

የከብት ዘረፋ ግን አልቀረም። በሚያዝያ 2016 ታጣቂዎች ድንበር ተሻግረው በጂካዎና በላሬ ከ200 በላይ ሰዎች ገደሉ፤ ከ100 የሚበልጡ ሕፃናትንና ብዙ ከብት ወሰዱ። በሁሉም ወገን ወጣቱን ተው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ሆኖም ወጣቱ እንደ ንጉንዴንግ ዘመን ቆሞ የሚሰማው ሰው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የምንከራከርበት ጥያቄ ነው።

የነቢዩ በትር ዳንግ ይባላል። ጉዌክ በተገደለ ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ ሹም ወስዶት ስለ ነበር ብዙ ዘመን በእንግሊዝ አገር ቈየ። ኋላም በዚሁ በዳግላስ ጆንሰን እጅ ገብቶ በ2009 ወደ ጁባ ተመለሰ።