አልፍሬድ ቪልም እና በቆይታ የሚጠነክረው አሉሚኒየም

አልፍሬድ ቪልም (1869–1937 እ.ኤ.አ.) በሲሌዥያ የተወለደ ጀርመናዊ የብረታ ብረት ተመራማሪ ነበር። በዘመኑ አሉሚኒየም ቀላልነቱ ቢታወቅም፣ ለስላሳ በመሆኑ ከባድ ጭነት ለሚሸከም አካል አይመረጥም ነበር። ቪልም በበርሊን አቅራቢያ በኖይባበልስበርግ በነበረ የምርምር ማዕከል ለጥይት ቀለሃ መሥሪያ ናስን የሚተካ የአሉሚኒየም ቅይጥ ይፈልግ ነበር።

አረብ ብረት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ወዲያው ይጠነክራል። ቪልም ይህንኑ ዘዴ 4 በመቶ ያህል መዳብና ጥቂት ማግኒዚየም ባለው አሉሚኒየም ላይ ሞከረው፤ ቅይጡን ወደ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አግሎ ውሃ ውስጥ ነከረው። በ1906 ግን ያልታሰበ ውጤት ተገኘ፤ ከሰንበት ዕረፍት በኋላ እንደገና የተለካው ናሙና ከመጀመሪያው ልኬት ይበልጥ ጠንክሮ ተገኘ። ቪልም ልዩነቱን የመለኪያ ስሕተት ነው ብሎ አላለፈውም፤ ሙከራውን ደጋግሞ ጥንካሬው በክፍል ሙቀት ለቀናት እንደሚጨምር አረጋገጠ። ቅይጡ ዱራሉሚን ተብሎ ለገበያ ቀረበ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመንም የዜፕሊን አየር መርከቦች አጽም ተሠራበት።

ግኝቱ የአውሮፕላን አሠራርንም ቀየረ። የዚህ ቅይጥ ሪቬቶች ከተነከሩ በኋላ ሳይጠነክሩ መመታት ስላለባቸው፣ እስከ ሥራው ሰዓት በማቀዝቀዣ ይቀመጣሉ።

ቪልም ከምርምር ወጥቶ በግብርና ኖረ። የመዳብ አቶሞች በክሪስታሉ ውስጥ በጥቃቅን ስብስብ እንደሚከማቹ ጊኒየና ፕሬስተን በየግላቸው በኤክስሬይ ያሳዩት በ1938፣ እርሱ ባረፈ በዓመቱ ነው። ምክንያቱ በዐይን ሳይታይ አውሮፕላኖች በውጤቱ ይበሩ ነበር። ስለዚህ በማቀዝቀዝና በመለካት መካከል ያለፈው ሰዓት የሂደቱ አካል ሆኖ ሊመዘገብ ይገባዋል።