ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና የወጣት አንባቢ መጽሐፍ

ከወልድያ ተነሥቶ ገመገሙን እየጠመዘዘ ወደ ደብረ ታቦር የሚያቀናው አውራ ጎዳና ጋሸና ሲደርስ ይከፈላል። አንደኛው ቅርንጫፍ ወደ ሰሜን ታጥፎ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ላሊበላ ይገባል። ጋሸና በላስታ፣ በመቄትና በዋድላ መካከል የምትገኝ የመንገድ ከተማ ናት፤ ተሳፋሪ ይወርድባታል፣ ነጋዴ ያድርባታል፣ ገበሬ ገብሱንና በጉን ይዞ ይገበያይባታል።

በዚህ ደጋ መጽሐፍ እንግዳ ነገር አይደለም። የላስታ ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ጸዋትወ ዜማ ተምሮ ሲያበቃ ቅኔ ፍለጋ አኩፋዳውን አንግቦ አገር ለአገር መዞሩ ከጥንት የኖረ ልማድ ነው። ዋድላም በቅኔ ቤትነቱ ስሙ የተጠራ አገር ነው። እንግዳ ሆኖ የቆየው ልጅ ለትምህርቱ ግዴታ ሳይሆን በፈቃዱ፣ ስለ ራሱ ኑሮ እያሰበ የሚያነበው ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጋሸና የጦር ሜዳ በሆነችበት ወቅት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ መጻሕፍትም ጠፍተዋል። ባዶ መደርደሪያ የሚሞላ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄው ምን ያህል መጽሐፍ ይገኛል የሚል ይሆናል። ሁለተኛውና ከባዱ ጥያቄ ግን ለ12 ዓመቱ ልጅና ለ16 ዓመቷ ልጃገረድ የትኛው መጽሐፍ ይሰጥ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት አንሥተው በሥራ ለመመለስ ከደከሙት ኢትዮጵያውያን መካከል ግንባር ቀደሙ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ስለዚህ ሕይወታቸውን ከዚህ አቅጣጫ መመርመር ለሙያ ባልደረቦች ይጠቅማል።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር፤ ኅሩይ፣ ማለት የተመረጠ፣ የሚለው ስም የወጣላቸው በኋላ ነው። አባታቸው ልጁ ገና ሳይጠና ስለ ሞቱ ትምህርታቸውን የቀጠሉት በችግር ነበር። እንደ ማንኛውም የቆሎ ተማሪ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ተማሩ፤ በመጨረሻም ወደ እንጦጦ መጥተው በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዕውቀታቸውን አደላደሉ። ይህ የተማሪነት ዘመን መታወስ ይገባዋል። ኋላ ስለ ወጣት አንባቢ ሲጽፉ የሚያውቁት በወሬ አልነበረም፤ እርሳቸው ራሳቸው ከገጠር የወጡ፣ አባት የሌላቸው፣ ለዕውቀት የተራቡ ልጅ ሆነው ኖረውበታል።

በዚያ ዘመን መጽሐፍ ማለት ብራና ነበር። አንድ ዳዊት ለማዘጋጀት የብዙ ፍየል ወይም በግ ቆዳ ይፋቃል፣ ቀለም ይበጠበጣል፣ ጸሓፊውም ለወራት ጎንበስ ብሎ ይውላል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የደብር ወይም የባለጸጋ ንብረት ነው እንጂ የልጅ ገንዘብ ሊሆን አይችልም። ከዚህም በላይ ቋንቋው ግዕዝ ነው፤ ልጁ ዳዊትን በቃሉ ይወጣዋል፣ ትርጓሜው ግን እስኪጎለምስ ድረስ ይጠብቀዋል። ኅሩይ ከሁለቱም ዓለም የተካፈሉ ሰው በመሆናቸው ይህን ክፍተት ቀድመው አዩት። የቀድሞውን ዕውቀት አልናቁም፤ በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው መጽሐፈ ቅኔን ማሳተማቸው ለዚህ ምስክር ነው። ለወጣቶች የጻፉት ግን ብዙ ሰው በሚሰማው በቀላል አማርኛ ነበር።

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለኅሩይ የተለየ ክብር መስጠት የሚገባው በ1904 ዓ.ም. ስላወጡት ሥራ ነው። በዚያ ዓመት በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን የኢትዮጵያ መጻሕፍት ዘርዝረው አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ዝርዝሩን አስፍተው እንደገና አወጡት። አንድ አገር ምን መጽሐፍ እንዳለው ሳያውቅ ምን እንደሚጎድለው ማወቅ አይችልም። ዝርዝሩን ያዘጋጀ ሰው የጸሎቱን፣ የትርጓሜውን፣ የገድሉንና የታሪኩን ብዛት ያያል፤ ለልጅና ለወጣት ተብሎ የተጻፈው ምን ያህል ጥቂት እንደሆነም አብሮ ያያል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ፣ ወንድ መስላ የተሰደደችውን የጦቢያን ታሪክ የሚነግረው መጽሐፍ፣ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። ይህ ዓይነት ጽሑፍ ስሙን ያገኘው ከዚሁ መጽሐፍ ነው ይባላል። ከእርሱ በኋላ ግን ሜዳው ለብዙ ዓመታት ባዶ ሆኖ ቆየ።

ኅሩይ ክፍተቱን መሙላት የጀመሩት በልብ ወለድ ሳይሆን በምክር ነው። በ1910 ዓ.ም. ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። ርእሱ ራሱ ዓላማውን ይናገራል፤ ልጅ የሚመከርበት፣ አባትም የሚታወስበት መጽሐፍ ነው። አባታቸውን በልጅነት ያጡ ሰው እንዲህ ያለ ርእስ መምረጣቸው ያለ ምክንያት አይመስልም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1915 ዓ.ም.፣ ወዳጄ ልቤ ታተመ። ይህ መጽሐፍ የሰውን ልብ እንደ ባልንጀራ አድርጎ በምሳሌ የሚያስተምር ነው፤ ከእንግሊዛዊው ከጆን ቡንያን የመንፈሳዊ መንገደኛ ታሪክ ጋር ያለው ዝምድናም ግልጽ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል አንድ እርምጃ አለ። በመጀመሪያው አባት ይናገራል፣ ልጅ ይሰማል። በሁለተኛው ምክሩ ታሪክ መሆን ጀመረ፤ አንባቢው ከመንገደኛው ጋር ይጓዛል፣ አብሮት ይሳሳታል፣ አብሮት ይመለሳል።

በዚህ ጊዜ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ከትከሻቸው አልወረደም። በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ከተላከው መልእክተኛ ጋር ወደ ለንደን ሄዱ። በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተጓዙ። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት ጊዜ ጄኔቫ ነበሩ። የአዲስ አበባ ከንቲባ፣ ዳኛ፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ከተጓዙ በኋላ ያዩትን ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በተባለው መጽሐፍ አስነብበዋል። በየሄዱበት አገር ከመርከቡና ከፋብሪካው ሌላ ትምህርት ቤቱንና ማተሚያ ቤቱን ይመለከቱ ነበር። ወንዶች ልጆቻቸውንም ወደ ውጭ አገር ልከው አስተማሩ። በአዲስ አበባ ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤት አቋቁመው መጻሕፍቶቻቸውን በዚያ አሳተሙ። መጽሐፍ ያስፈልጋል ብሎ ከመናገር አልፈው መጽሐፉን የጻፉት፣ የዘረዘሩትና ያሳተሙት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ለወጣት አንባቢ ያበረከቷቸው ሁለቱ ዋና ልብ ወለዶች የወጡት ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው። የመጀመሪያው በ1923 ዓ.ም. የታተመው የልብ አሳብ፣ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ ነው። መጽሐፉ ሴት ልጅን አካሏ ሳይጠና የመዳርን ልማድ ይነቅፋል። ይህ ልማድ በዚያ ዘመን በአዋቂዎች ሸንጎ እንኳ ብዙ የማይነሣ ጉዳይ ነበር። ኅሩይ ግን በታሪክ መልክ አስቀመጡት፤ አንባቢው ሕጉን ከመስማቱ በፊት የልጅቱን ኑሮ እንዲያይ አደረጉ። ዛሬ በአገሪቱ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ ሆኖም በገጠር ስንት ልጃገረድ ከክፍሏ እንደምትቀር መምህራን ያውቃሉ። መጽሐፉ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖት ጉዳዩ አለማርጀቱ የሚያስደስት ነገር አይደለም፤ ለምርጫ ግን በቂ ምክንያት ነው።

ሁለተኛውና የላቀው በ1925 ዓ.ም. የታተመው አዲስ ዓለም ነው። ባለታሪኩ አወቀ የተጉለት ልጅ ነው። ለትምህርት ካለው ጉጉት የተነሣ ከብዙ ድካም በኋላ ፓሪስ ይደርሳል፤ ለዓመታት ተምሮም ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። የታሪኩ ፍሬ ያለው በዚህ መመለስ ውስጥ ነው። ዘመዶቹ በደስታ ይቀበሉታል፣ ወዲያው ደግሞ ይጠራጠሩታል። አባቱ በሞተ ጊዜ እርሻና ከብት የሚያሟጥጥ ተዝካር እንዲደግስ ይጠበቅበታል፤ እርሱ ግን ገንዘቡን ለድኾች መስጠት ይሻላል ብሎ ከዘመድና ከካህናት ጋር ይጋጫል። በፍጻሜውም ነገሩ ከአንድ ቤተ ሰብ ጠብ አልፎ ስለ ልማድ መሻሻል የሚመክር የካህናት ጉባኤ እስከ መሰብሰብ ይደርሳል።

ኅሩይ አወቀን የሳሉት አገሩን የሚንቅ አድርገው አይደለም። ፈረንሳይ አገር መቅረት ሲችል ይመለሳል፤ ተመልሶም ይከራከራል እንጂ አይሸሽም። በዚያ ወራት ከውጭ ተምረው የሚመለሱ ወጣቶች ቁጥር እየበዛ ነበር፤ ከእነዚያም መካከል የደራሲው ልጆች ይገኙ ነበር። ስለዚህ አዲስ ዓለም በአንድ በኩል የአባት ጭንቀት ነው፤ ልጄ ተምሮ ሲመለስ ዘመዶቹ ያውቁት ይሆን፣ እርሱስ ያውቃቸው ይሆን የሚል ጭንቀት።

መጻሕፍቱ ጉድለት የለባቸውም ማለት አይቻልም። ኅሩይ ሰባኪነታቸውን ፈጽመው አልተዉም፤ ታሪኩ ሊሮጥ ሲል ምክሩ ልጓሙን ይይዘዋል። ባለታሪኮቹ ከሰው ይልቅ የአሳብ ተሸካሚ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ሴቶቹም በአብዛኛው ሲታዘንላቸው እንጂ ሲያስቡና ሲወስኑ አይታዩም፤ በዚህ ረገድ ቀድማ የተጻፈችው ጦቢያ ትበልጣቸዋለች። የዛሬ ወጣት አንዳንዱን ገጽ ዘሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ይህን ሰውሮ መጽሐፉን ማወደስ ወጣቱን ከመጽሐፉ ጋር ማጣላት ነው።

የሕይወታቸው ፍጻሜ አሳዛኝ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ወደ አዲስ አበባ በተቃረበ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። በ1929 ዓ.ም. ከልጆቻቸው መካከል በጣልያኖች እጅ የተገደሉ ነበሩ። ልጆችን ስለ ማስተማር ዕድሜያቸውን ሙሉ የጻፉት አባት ያስተማሯቸውን ልጆች ሞት በባዕድ አገር ሆነው ሰሙ። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፣ የአገራቸውን ነጻ መውጣት ሳያዩ አረፉ። አጽማቸው ከነጻነት በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ አረፈ። ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ የሳሙኤል ጆንሰንን ራሴላስ ወደ አማርኛ መልሰዋል። የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ከተዘጋበት ሸለቆ ወጥቶ ዓለምን ሲያይና መልሶ ወደ አገሩ ሲያስብ የሚተርከው ይህ መጽሐፍ በኅሩይ ልጅ እጅ መተርጎሙ ከአባት የተወረሰ ሥራ ሊባል ይችላል።

ከኅሩይ በኋላ መንገዱ ሰፋ። የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ ለብዙ ትውልድ ተማሪዎች ምግብ ሆነ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. ተረት ተረት የመሠረትን አወጡ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ፍቅር እስከ መቃብርን ለአንባቢ አቀረቡ። ዛሬ ለአንድ የጋሸና ትምህርት ቤት መደርደሪያ የሚመርጥ ሰው በደረጃ መምረጥ ይችላል። ለታናናሾቹ የሐዲስ ተረቶች ይቀድማሉ፤ ልጁ በምድጃ ዳር ከሰማው ብዙ አይርቁምና። ቀጥሎ የከበደ ሚካኤል ምሳሌዎች ይመጣሉ። ከ14 ዓመት በላይ ለሆነው አዲስ ዓለም፣ ከጎኑም የልብ አሳብና ጦቢያ ቢቀመጡ መልካም ነው። ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ ግን ለብቻው ለልጅ ከሚሰጥ ይልቅ መምህር ወይም ወላጅ አብሮ ቢያነበው ፍሬው ይበዛል።

ከእነዚህ መካከል አንድ ብቻ ይመረጥ ቢባል ለጋሸና አዲስ ዓለም ይመረጣል። ከጋሸና የሚነሣው ወጣት እንደ አወቀ ፓሪስ አይሄድ ይሆናል፤ ወልድያ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል። ሲመለስ ግን ያው ተዝካር፣ ያው ዘመድ፣ ያው ጥርጣሬ ይጠብቀዋል። ከመሄዱ በፊት የመመለስን ችግር በመጽሐፍ ያየ ልጅ ሁለት ነገር ይዞ ይሄዳል፤ ዕውቀት ከዘመድ እንደሚያጣላ፣ ጠቡ ግን የመለያየት ምክንያት መሆን እንደማይገባው። ኅሩይ ለወጣት አንባቢ የተዉት ውርስ ይህ ነው። ውርሱ ከወራሹ እጅ የሚደርሰው ግን መጽሐፉ ከመደርደሪያው ወርዶ ለአንድ ልጅ በስሙ ተጠርቶ ሲሰጠው፣ ሲመልሰውም ምን እንዳሰበ ሲጠየቅ ነው።