ጆን ቫንብሩና የብሌንሃይም በር

ስለ ታላላቅ የሥነ ሕንፃ ሰዎች ሲነገር የሚወሳው ያነጹት ሕንፃ ነው፤ የገቡበት ውል ግን እምብዛም አይነሣም። የሰር ጆን ቫንብሩ ሕይወት ሁለቱን አንድ ላይ እንድንመለከት ያስገድደናል።

ቫንብሩ በ1664 ዓ.ም. በሎንዶን ተወለደ (ዘመናቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1688 ዓ.ም. በፈረንሳይ ተይዞ አራት ዓመት ታሰረ፤ የእስራቱም መጨረሻ ባስቲል ወኅኒ ነበር። ከተፈታ በኋላ በአስቂኝ ተውኔቶቹ ስሙ ገነነ።

በ1699 ዓ.ም. ግን የሥነ ሕንፃ ትምህርት ሳይኖረውና አንድም ቤት ሳይሠራ፣ ለካርላይሉ ኧርል በዮርክሺር የሚታነጸውን ካስል ሃዋርድን ነደፈ። ሐሳቡን ወደ ትክክለኛ ንድፍ የለወጠለት በክሪስቶፈር ሬን ዘንድ የሠለጠነው ኒኮላስ ሆክስሙር ነው፤ የዚህ ሰው ድርሻ ዘወትር አንሶ መነገሩ ያሳዝናል።

በ1705 ዓ.ም. ለማርልቦሮው ዱክ በኦክስፎርድሺር የብሌንሃይም ቤተ መንግሥት ሥራ ተጀመረ። ቦታው ንግሥት አን ዱኩን ለ1704ቱ ድል የሸለመችው ነው። ወጪውን መንግሥት እንደሚችል ቢታመንም፣ መጠኑን የሚወስን ግልጽ ውል አልነበረም። ቫንብሩም በሰፊው ነደፈ፤ ቁመቱ 20 ሜትር ያህል የሆነ አዳራሽ፣ በግራና በቀኝ የወጥ ቤትና የፈረሶች ጋጣ ግቢዎች፣ በአንዲት ትንሽ ወንዝ ላይም ከሠላሳ በላይ ክፍሎች ያሉት ድልድይ። የዱኩ ባለቤት ሣራ የፈለገችው ግን የሚመች መኖሪያ ነበር። በእኔ አስተያየት በዚህ አልተሳሳተችም።

በ1712 ዓ.ም. የግምጃ ቤቱ ክፍያ ቆመ፤ ግንበኞችና ድንጋይ ጠራቢዎች ውዝፍ ሒሳብ ይዘው ቀሩ። ሥራው በዱኩ ገንዘብ ሲቀጥል ጠቡ ከረረና ቫንብሩ በ1716 ዓ.ም. ለቀቀ። ዱኩ በ1722 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ለፍጻሜው የተጠራው ሆክስሙር ነው።

በ1725 ዓ.ም. ቫንብሩ ከካርላይሉ ኧርልና ከቤተሰቡ ጋር ብሌንሃይምን ሊጎበኝ ሄደ። ሣራ ግን እሱ እንዳይገባ አስቀድማ አዝዛ ነበር፤ ሚስቱም መምጣቷን በሰማች ጊዜ የአትክልቱን ስፍራ እንኳ እንዳታይ መልእክተኛ ሰደደች። እንግዶቹ ቤቱን ሲጎበኙ ባልና ሚስቱ በዉድስቶክ ማደሪያ ቤት ተቀምጠው ዋሉ። ቀሪ ሒሳቡን በዚያው ዓመት በሮበርት ዋልፖል ርዳታ አገኘ።

ማርች 26 ቀን 1726 ዓ.ም. ሲሞት የካስል ሃዋርድ ምዕራባዊ ክንፍ ገና አልተሠራም ነበር። በኋላ የሠራው የኧርሉ አማች ሰር ቶማስ ሮቢንሰን የቫንብሩን ንድፍ ትቶ የራሱን ስለተከተለ፣ የቤቱ ሁለት ክንፎች እስከ ዛሬ አይመሳሰሉም።