ዶክተር ኮርኔሊየስ ቫን ዳይክ፦ የማዕዘንን ሒሳብ በዐረብኛ ያስተማሩ ሐኪም

ዶክተር ኮርኔሊየስ ቫን ዳይክ እ.ኤ.አ. በ1818 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ ኪንደርሁክ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በፊላዴልፊያ ሕክምና ተምረው በ1840 በሚሲዮናዊነት ቤይሩት ሲደርሱ የ21 ዓመት ወጣት ነበሩ። ዐረብኛን የተማሩት ከአገሩ ሊቃውንት ነው፤ ከእነዚህም መካከል ናሲፍ አል-ያዚጂ እና በአል-አዝሐር የተማሩት ሙስሊሙ ሼኽ ዩሱፍ አል-አሲር ይገኛሉ።

ከቤይሩት በስተደቡብ በተራራው ላይ በምትገኘው በአበይህ ሲያስተምሩ ለዘመኑ ትምህርት የሚበቃ የዐረብኛ መማሪያ በማጣታቸው ራሳቸው ይጽፉ ጀመር። የመልክዐ ምድር፣ የአልጀብራና የጂኦሜትሪ መጻሕፍትን አዘጋጁ፤ ቆይተውም የጎነ ሦስትን ልኬት የሚያስተምረውን ትሪጎኖሜትሪን ጨመሩ።

ይህ ዕውቀት ለዐረብኛ እንግዳ አልነበረም። አል-በታኒ በረቃ፣ አቡል ወፋ በባግዳድ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አራቅቀውታል። ሳይን የሚለው ስያሜ እንኳ ጀይብ የተባለው የዐረብኛ ቃል ወደ ላቲን ሲተረጎም የተገኘ ነው። ጥቅሙም ግልጽ ነው። ከሚናራ ግርጌ 40 ሜትር ርቆ ከምድር ወደ ጫፉ የሚያነጣጥር ሰው 45 ዲግሪ ማዕዘን ቢያገኝ፣ የሚናራው ቁመት ያው 40 ሜትር ነው። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ቢሆን ግን ርቀቱን በታንጀንቱ፣ ማለትም በ0.577 አባዝቶ 23 ሜትር ያህል ያገኛል። ሚናራውን መውጣት አያሻውም።

በ1866 ቤይሩት ላይ የሶርያ ፕሮቴስታንት ኮሌጅ፣ የዛሬው የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት፣ ዶክተር ቫን ዳይክ በዚያ ሕክምናና ሥነ ፈለክ በዐረብኛ አስተማሩ፤ የከዋክብት መመልከቻውንም አቋቋሙ። ሆኖም በ1882 ባልደረባቸው ኤድዊን ሉዊስ በተማሪዎች ምረቃ ላይ ስለ ዳርዊን በመናገራቸው ከኮሌጁ ለመልቀቅ ተገደዱ። ዶክተር ቫን ዳይክ ውሳኔውን ተቃውመው ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። በዚያው ዘመን የኮሌጁ የማስተማሪያ ቋንቋ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ ተለወጠ።

እርሳቸው ግን ከተማዋን አልተዉም። በኦርቶዶክሶች የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ሕሙማንን ሲያክሙ ቆይተው በ1895 በቤይሩት አረፉ። ተማሪዎቻቸው ያዕቆብ ሰሩፍና ፋሪስ ኒምር በ1876 በቤይሩት የመሠረቱት አል-ሙቅተጠፍ መጽሔትም ወደ ካይሮ ተሻግሮ ሳይንስን በዐረብኛ ለአንባቢ ማድረሱን ቀጠለ።